የትራፊክ ቅጣት፦ ለሰው ሕይወት ወይስ ለመንግሥት ካዝና?

አዲስ የትራፊክ ደንብ በወጣ ቁጥር ታክሲ ውስጥ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ይሄ ለእኛ ደኅንነት ታስቦ ነው ወይስ ብር ለመሰብሰብ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። እንግሊዞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። የእነሱ ታሪክ ለሁለቱም ወገን የሚመች መልስ የለውም፤ ጥያቄውን ማስተካከል ግን ይችላል።

ታሪኩ በጥር 1896 ይጀምራል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኬንት ውስጥ ዋልተር አርኖልድ የተባለ ሰው በሰዓት 8 ማይል፣ ማለትም 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ አንድ ፖሊስ በብስክሌት አባርሮ ያዘው። ሕጉ በከተማና በመንደር ውስጥ የሚፈቅደው 2 ማይል ብቻ ነበር፤ ከተሽከርካሪው ፊት ፊት በእግሩ የሚሄድ ሰውም ይጠይቃል። አርኖልድ በፍጥነቱ አንድ ሺሊንግ ተቀጣ። ሕጉ ለእንፋሎት ሞተር የወጣ፣ ዘመን ያለፈበት ነበርና በዚያው ዓመት ወሰኑ ወደ 14 ማይል ከፍ አለ። በ1903 የወጣው የመኪና አዋጅ ደግሞ ፍጥነቱን 20 ማይል አድርጎ፣ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድን ግዴታ አደረገ።

ጸቡ የተጋጋለው ከዚህ በኋላ ነው። ፖሊሶች ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደብቀው፣ የተለካ ርቀት ላይ ሰዓት ይዘው መኪና መጠበቅ ጀመሩ። ባለመኪናዎቹ በአብዛኛው ሀብታሞች ስለነበሩ «ይህ ሕግ ማስከበር ሳይሆን ገንዘብ መልቀም ነው» ብለው ጮኹ። በ1905 «አውቶሞቢል አሶሴሽን» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ ሠራተኞች በብስክሌት እየዞሩ ፖሊስ የተደበቀበትን ቦታ ለአሽከርካሪዎች ያመለክቱ ነበር። በ1910 ፍርድ ቤት ይህ ፖሊስን ሥራውን ማሰናከል ነው ብሎ ሲፈርድ፣ ማኅበሩ ሌላ ዘዴ አመጣ። ሠራተኛው ለአባሉ ሰላምታ ካልሰጠ፣ ከፊት ፖሊስ አለ ማለት ነው። ሰላምታ ባለመስጠት ደግሞ ማንም አይከሰስም።

ብልሃቱ ያስቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ባለመኪናው ማኅበር ሲያቋቁም፣ እግረኛው የራሱን ማኅበር ያገኘው በ1929 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስለ ቅጣት በብዛት የተሰማው ድምፅ የሚገጨው ሳይሆን የሚቀጣው ሰው ድምፅ ነበር።

ያ ድምፅ በ1930 አሸነፈ። ማንም የማያከብረው ሕግ ሕግን ያስንቃል በሚል ክርክር የመኪና የፍጥነት ወሰን ጭራሹን ተነሣ። በ1934 በብሪታኒያ መንገዶች ላይ 7,343 ሰው ሞተ። በአገሩ የነበረው ተሽከርካሪ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ባለበት አገር በዓመት የሚሞተው ሰው ወደ 1,600 ገደማ ነው። መንግሥት ደንግጦ በመጋቢት 1935 በከተሞች ውስጥ 30 ማይል (48 ኪሎ ሜትር) ወሰን አስቀመጠ፤ በሰኔም የመንጃ ፈተናን ግዴታ አደረገ። በዚያ ዓመት የሟቾች ቁጥር ወደ 6,500 ገደማ ወረደ።

ሁለተኛው ትልቅ ትግል በጥቅምት 1967 መጣ። የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል የአሽከርካሪ ትንፋሽ በመሣሪያ እንዲመረመር የሚያደርግ ሕግ አስወጣች። ራሷ መኪና አትነዳም ነበርና «ምን ታውቃለች?» ተባለች፤ መጠጥ ቤቶች ገበያችን ጠፋ አሉ፤ የዛቻ ደብዳቤም ደረሳት። በመጀመሪያው ዓመት በመንገድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በ1,152 ቀነሰ። «ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ብዙ አልሠራም፤ ምክንያቱም ጠጥቶ የነዳ ሰው የሚያጣው ዋናው ነገር ብሩን ሳይሆን መንጃ ፈቃዱን ነው። የታገደ ፈቃድ ለካዝና አይገባም።

ክሱ ሙሉ ኃይሉን ያገኘው ካሜራ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው የፍጥነት ካሜራ በ1992 ለንደን ውስጥ ትዊክንሃም ድልድይ አጠገብ ተተከለ። በ2000 መንግሥት በስምንት አካባቢዎች አዲስ አሠራር ሞከረ። ካሜራውን የሚያስተዳድሩት የፖሊስና የአካባቢ መስተዳድሮች ጥምረቶች ወጪያቸውን ከቅጣቱ ገንዘብ እንዲሸፍኑ ተፈቀደላቸው። ካሜራው በአገሩ ሁሉ ተበተነ፤ ጥርጣሬውም አብሮ። የሚቀጣው አካል ከቅጣቱ የሚተዳደር ከሆነ፣ ዜጋው የካሜራውን ዓላማ ቢጠራጠር ምን ይፈረድበታል?

መንግሥት ለጥርጣሬው መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ካሜራ የሚተከለው ከዚህ በፊት ሰው በሞተበት ወይም ክፉኛ በቆሰለበት ቦታ እንዲሆን፣ ከሩቅ እንዲታይም ቢጫ ቀለም እንዲቀባ አዘዘ። በ2005 የወጣ ጥናት ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች የሞትና የከባድ ጉዳት ቁጥር በ42 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። የጥናቱ አባሪ ግን ጥንቃቄ ጨመረበት። አደጋ የበዛበት ዓመት ታይቶ የተመረጠ ቦታ፣ ካሜራ ባይተከልበትም በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ካሜራው ሕይወት አድኗል፤ በተወራለት መጠን ግን አይደለም።

በ2007 አሠራሩ ቀረ፤ የቅጣቱ ገንዘብ በሙሉ ወደ ማዕከላዊው ግምጃ ቤት መግባት ጀመረ። ቅጣትና ጥቅም ተለያዩ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የስዊንደን ከተማ ምክር ቤት «ወጪው የእኛ፣ ገቢው የለንደን» ብሎ በ2009 ካሜራዎቹን አጠፋ። የኦክስፎርድሻየር ካሜራዎችም በጀት ሲቆረጥ በነሐሴ 2010 ጠፉ፤ ፖሊስ ፍጥነት መጨመሩን አስታውቆ በሚያዝያ 2011 እንደገና በሩ። ገንዘቡ ለሚቀጣው አካል ሲሰጥ እምነት ይጠፋል፤ ሲወሰድበት ደግሞ ሥራው ይቆማል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት «ደኅንነት ወይስ ገቢ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው እንደማይበቃ ነው። አንድ ቅጣት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የሚለየው መመዘኛ ሌላ ነው። ባለሥልጣኑ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲያቀርብ የሚኩራራው በምንድን ነው? በተሰበሰበው ብር ወይስ በተረፈው ሰው? ሥራውን የሠራ ቅጣት የራሱን ገቢ ይገድላል፤ አሽከርካሪው ሲታረም የሚከፈል ነገር አይኖርምና። ገቢው በየዓመቱ እያደገ የሟቹ ቁጥር ከቆመበት ካልተነቃነቀ ግን ደንቡ ያስተማረው ነገር የለም።

አዲስ አበባም ውስጥ ሆነ ሌላ ቦታ፣ ደንብ ሲጠብቅ ዜጋው ሦስት ነገር መጠየቅ መብቱ ነው። ገንዘቡ የት ይገባል? የቁጥጥሩ ቦታ በምን ተመረጠ፣ በአደጋ ብዛት ወይስ በመኪና ብዛት? የሟቾች ቁጥርስ ከቅጣቱ ገቢ ጎን ለጎን ይታተማል? እነዚህን የሚመልስ መንግሥት ጥብቅ ሕግ ቢያወጣ ሊደገፍ ይገባዋል። የማይመልስ ከሆነ ግን ታክሲ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ መጠርጠሩ አያስወቅሰውም።

አንድ ነገር ብቻ አይረሳ። በ1934 ከሞቱት 7,343 ሰዎች መካከል ስለ ቅጣት ብዛት ሊያማርር የቻለ አንድም የለም።