የባለቤቱ ማኅተምና የሠሪው ስም፦ የቀጨኔን ሸክላ ስለ መሰብሰብ

ከለስላሳ ድንጋይ የተቀረጹ የቻይና ማኅተሞችን የሚሰበስብ ሰው በድንጋዩ ቀለምና በአናቱ ላይ በተቀረጸው አንበሳ ብቻ አይረካም፤ አገላብጦ በጎኑ የሰፈረውን ጽሑፍ፣ ማለትም ቀራጩ ስሙንና ዘመኑን፣ አንዳንዴም ማኅተሙን ለማን እንደ ቀረጸው የሚያሰፍርበትን ክፍል ያነባል። ይህ ልማድ የተስፋፋው የችንግትየንና የሾውሻን ድንጋዮች ለትንሽ መቅረጫ የሚበገሩ በመሆናቸው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ዌን ፐንግ ያሉ ምሁራን ቀድሞ ለባለ እጆች ይተው የነበረውን ቅርጽ በገዛ እጃቸው መሥራት ሲጀምሩ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ማኅተም የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም ከአንበሳው ጋር የንጉሡን ስም በአማርኛና በዐረብኛ ይዟል፤ የዐፄ ምኒልክም «ሞዐ አንበሳ» የሚለውን ማዕረግ ያውጃል፤ የቀራጩ ስም ግን በኅትመቱ ላይ አይነበብም። ሰርዥ ቶርኔና ኤስቴል ሶሂየር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት የሹማምንት ማኅተሞች ጥናትም በነገሥታቱና በመኳንንቱ ዙሪያ መዋቀሩ ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ይኸው ዝምታ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በቀጨኔ የሸክላ ሥራ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ጀበናው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ይገነባል፤ ውጪው በለስላሳ ጠጠር ተወልውሎ ሲያበራ፣ አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ቦታ በውስጥ በኩል የሠሪዋ ጣቶች የተጫኑበት ምልክት ሳይወለወል ይቀራል። ሰብሳቢ ሊመረምረው የሚገባው ይህ ስፍራ ነው፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ ብቻውን ሠሪዋን ስለማያሳውቅ፣ ዕቃው በተገዛበት ዕለት ስሟን፣ አፈሩ የመጣበትን ስፍራና የአተኳኮሱን ሁኔታ ከራሷ አንደበት መመዝገብ ያስፈልጋል። «ቀጨኔ» ብቻ ተብሎ የተለጠፈበት ጀበና፣ ቢያምርም፣ ለጥናት ግማሽ ዕቃ ነው።

ምዝገባው ግን ፈቃድን ይጠይቃል። ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማውጣታቸውም ነቀፌታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ ስምን መሸሸግ ራስን መከላከያ ሊሆን ስለሚችል፣ ሠሪዋ ስሟ እንዲጻፍ ካልፈቀደች ሰብሳቢው ዕቃውን በቀኑና በቦታው ብቻ መዝግቦ፣ ስሙ የቀረው በእርሷ ምርጫ መሆኑን በመዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት።