ቀባሪስ ተገኘ፤ ጧሪውስ?

ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ አንድ ሥራ ይመስላሉ። አይደሉም። መቅበር የአንድ ቀን፣ ግፋ ቢል የአንድ ሰሞን ጉዳይ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ያበቃል። መጦር ግን የዓመታት ሥራ ነው። ማጉረስ አለ፣ ማጠብ አለ፣ ደግፎ ማንሣትና ማስተኛት አለ፣ ሌሊት ሲጠሩ መነሣት አለ፣ የተነገረውን ወሬ ለመቶኛ ጊዜ እንደ አዲስ መስማት አለ። ለቀብር ሀገር ይወጣል። ለጡረታ የሚመጣው ማነው?

ከተሜው ለቀባሪነት መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ እድር ይባላል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ስትሰፋ ከየአገሩ የመጣው ሰው ወንድምና የአጎት ልጅ በአጠገቡ አልነበረውም። ስለዚህ ጎረቤቱን በደንብና በመዝገብ ዘመድ አደረገው። ወርኃዊ መዋጮ አለ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ ድንኳንና ብረት ድስት አለ፣ በለቅሶ ያልተገኘ ይቀጣል። ዛሬ በየቀበሌው ከዚህ የበለጠ የሚታመን ማኅበር ማግኘት ይቸግራል። ለጧሪነት ግን እንዲህ ያለ ነገር አላበጀንም። እድሩ ደጃችን የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ለየቤታችን ትቶልናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ለማግኘት የእርጅናን ወጪ በየዘመኑ ማን ይከፍል እንደ ነበር መመርመር ይገባል። ለዚህ ምርመራ ባሌን መርጫለሁ። ባሌ ሲባል አንባቢ ትዝ የሚለው ቀይ ቀበሮው፣ የሳነቴ አምባ ብርድ፣ ከአምባው ማዶ ቁልቁል የተዘረጋው የሃረና ደን፣ የደኑ ቡናና ማር ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው፤ አገራችን ለእርጅና የሞከረቻቸው አከፋፈሎች ሁሉ በየተራ በዚህ ምድር ላይ አልፈዋል።

የመጀመሪያው ከፋይ ቤተሰብ ነው። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ የሽማግሌ ሀብት ከብቱ ብቻ አልነበረም፤ ምርቃቱና እርግማኑም ነበር። ሽማግሌ ያልመረቀው ጋብቻ፣ ሽማግሌ ያልገባበት እርቅ ጎደሎ ነው። ስለዚህ ያረጀ ሰው ከሚጦሩት እጅ እየበላ በአፉ ይከፍል ነበር ማለት ይቻላል። ልጅ ያልወለደም አይወድቅም፤ ጉዲፈቻ አለ። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይወርሳል፣ እንደ ተወለደ ልጅም ይጦራል። አማርኛው የሕግ ቋንቋ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ለዚህ ጉዳይ የመረጠው ይህንኑ የኦሮምኛ ቃል መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በሰሜኑም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ውሉ በብራና መጻፉ ነው። በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ምስክርና ዋስ እየተጠራ ይሰፍር ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት አጥንቶ የዚያን ዘመን የመሬት ታሪክ አውጥቶባቸዋል። መሬት ያለው ሰው ባረጀ ጊዜ በእጁ ጥሩ መደራደሪያ ነበረው፤ የጦረኝ ይውረሰኝ ይላልና። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ውርስ በሚናገርበት አንቀጽ ወላጁን በችግሩ ጊዜ የተወ ልጅ ከውርስ የሚወጣበትን ሁኔታ ይደነግጋል። መሬት የሌለውስ? እርሱ ወይ ቆብ ደፍቶ ወደ ገዳም ይገባል፣ ወይ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይቀመጣል።

ይህን የቤተሰብ ጡረታ ስናወድስ ግን አንድ ነገር እንሸሽጋለን። «ጧሪ» የሚለው ቃል ወንዴ ነው፤ ሥራው ግን የሴት ነው። በባሌ ደጋ ከብት ወቅት ጠብቆ ወደ ሃረና የሚወርድበት ልማድ አለ፤ ጎደንቱ ይሉታል። ከመንጋው ጋር የሚወርድ አለ፣ ከቤት የሚቀር አለ። ጎባ ከተማ ያገኘኋቸው አንዲት ባልቴት ስለ አማታቸው ሲነግሩኝ፣ «ልጄ፣ ልጆቹ ወላጅ ጦሩ ተብለው ተመሰገኑ፤ ውኃውን ያሞቅሁት ግን እኔ ነኝ» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት ነው ያሞቁት። ምስጋናውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው። የጥንቱ ጡረታ በነፃ ይሰጥ የነበረ የሚመስለን የምራቲቱን ድካም ሒሳብ ውስጥ ስለማናስገባው ነው።

ሁለተኛው ከፋይ ዙፋን ነው፤ ወይም ከፋይ መስሎ የቆየው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባሌን ከያዘ በኋላ ጎባ የጦር ከተማ ሆነች። መንግሥት ለወታደሩ የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚከፍለው መሬትና ገባር ነበር። ወታደሩም ሲያረጅ በጡረታ ስም የሚተዳደርበት መሬት ወይም ገባር ይተውለታል። ከጠላት ወረራ በኋላም ይኸው መንገድ ቀጠለ። ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው ውለታና ጡረታ ይሆን ዘንድ መሬት በጋሻ እየተቈረጠ ተሰጠ፤ አንድ ጋሻ 40 ሔክታር ያህል ነው። የሚሰጠውም መሬት አብዛኛው በደቡቡ ጠቅላይ ግዛቶች የሚገኝ፣ «የመንግሥት» የተባለ መሬት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ አርበኛ ጡረታው አይገባውም ነበር ልል አይደለም፤ አምስት ዓመት በዱር የታገለ ሰው ሲያረጅ መጦር አለበት። ግን ከፋዩ ማን ነበር? በባሌ የመሬት ልኬቱ፣ የግብሩ ክብደትና ግብር ያልከፈለ ሰው መሬቱን መነጠቁ ተደራርበው በ1956 ዓ.ም. አመፅ አስነሡ። በዋቆ ጉቱ መሪነት የታወቀው ይህ ትግል እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሃይማኖትም፣ የአስተዳደርም፣ የጎረቤት ሶማሊያም ነገር አለበት። ቢሆንም ከምክንያቶቹ አንዱ የአንዱ ሰው እርጅና በሌላው ሰው እርሻ ላይ መከፈሉ መሆኑን መካድ አይቻልም። መሬቱን ያጣው ገበሬም ያረጃል፤ ለልጁ «ጡረኝና ውረሰኝ» የሚልበት ነገር ግን በእጁ የለም።

ሦስተኛው ከፋይ ደመወዝ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ በ1953 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ጸና። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ከመቶ 6 እያዋጡ ጡረታ ከመሬት ወደ ገንዘብ ተሸጋገረ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ጡረተኛው የሚኖረው አስቀድሞ ከራሱ ደመወዝ በተቆረጠውና አሠሪው በጨመረለት ገንዘብ ሆነ። ጉድለቱ ጥበቱ ነው። የጎባ መምህርና የጎባ ፖሊስ ጡረታ ሲያገኙ የሃረና ማር ቆራጭና የሮቤ ስንዴ አራሽ ከመዝገቡ ውጪ ናቸው። የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ በሙሉ የተካተተው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። በኋላ መዋጮው ከሠራተኛው ከመቶ 7፣ ከአሠሪው ከመቶ 11 ደረሰ። ገበሬው፣ ባለጉልቱና ቀን ሠራተኛው ግን እነሆ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከዚያ ውጪ ናቸው።

አራተኛውን ከፋይ ብዙ ሰው ረስቶታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የሚታወሰው ጭሰኝነትን በማስቀረቱ ነው። በውስጡ ግን አንዲት ትንሽ አንቀጽ አለች። በእርጅና፣ በልጅነት ወይም በሕመም ምክንያት፣ ሴትም ብትሆን ባሏ በመሞቱ ይዞታውን ማረስ ላልቻለ ሰው የገበሬ ማኅበሩ ያርስለት ትላለች። እኔ እስከማውቀው በገጠር ኢትዮጵያ እርጅና የጎረቤቱ ሁሉ የጋራ ሥራ ነው ተብሎ በሕግ የተጻፈው በዚህች አንቀጽ ነው። ቀጥሎ የመጣውን እናውቃለን። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሆነ፤ የመንደር ምሥረታው ከሌላው አገር ቀድሞ በባሌ ተጀመረ፤ ጎልማሳው ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፤ ማኅበሩም ከማረስ ይልቅ ኮታ መሰብሰብና ምልምል መላክ ሥራው ሆነ። አንቀጿ ከወረቀት ሳትወርድ ዘመኗ አለፈ። ሐሳቧ ግን ክፉ አልነበረም።

ዛሬስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል፤ «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለውን ያስተውሏል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ተወላጅ ለወላጅ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቀለቡም ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። ግን ልጁን የምትከስ እናት ስንት ናት? በገጠር ከ1997 ዓ.ም. የጀመረው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። በአዲስ አበባ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ከየጎዳናው የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት ለወደቀ ሰው ነው። ገና ያልወደቀው፣ ጥቂት ጥሪት ያለው፣ ልጆቹ በሥራ ወይም በባሕር ማዶ የተበተኑበት ከተሜ በሁለቱ መካከል ቀርቷል። ለጎዳና ረዳት ሀብታም ነው፤ ለግል አስታማሚ ድሃ ነው።

የዚህ ሰው ቤት መፍትሔ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ከውጭ ገንዘብ ይላካል፤ ከገጠር አንዲት ልጅ ትመጣለች፤ እማማን እርሷ ትጠብቃለች። ልጅቱ ማንሣትና ማገላበጥ ማንም አላስተማራትም፤ ደመወዟ በቤቱ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ያነሰ ነው፤ የራሷን አያት ትታ ነው የመጣችው። ጥንት የምራት የነበረው ድካም ወደ እርሷ ተላለፈ እንጂ ዋጋው አልተከፈለም።

«ታዲያ እንደ ፈረንጁ የአረጋውያን ቤት እንክፈት?» የሚል አለ፤ «ነውር ነው!» የሚልም አለ። የፈረንጁንም ታሪክ በልኩ ማየት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ባጸደቀችው ሕግ ድሆች አረጋውያን በሚገቡባቸው የሥራ ቤቶች ባልና ሚስት ይለያዩ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 የጡረታ ሕግ ስታወጣ ጡረታው የሚጀምረው በ70 ዓመት ነበር፤ ለብዙው ሠራተኛ ከሞት በኋላ እንደማለት ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ኬረን ብራውን ዊልሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ ዓይነት መኖሪያ ከፈተች። እናቷ ሽባ ሆና በተቋም ስትኖር የለመነቻት ነገር የራሷ ክፍል፣ የራሷ ዕቃና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ነበር። መኖሪያው በዚህ ልመና ላይ ተሠራ። ሐሳቡ ተስፋፋ፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው ከአረጋዊው ኪስ ነው። ሜዲኬር ለእንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ አይከፍልም፤ ሜዲኬድ የሚረዳውም ሀብቱ ያለቀበትን ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን የሚያውቁት ወላጆቻቸውን ወስደው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እርጅና በነፃ ተጦሮ አያውቅም። ወይ ምራቲቱ ከፍላለች፣ ወይ የባሌው ባለርስት ከፍሏል፣ ወይ ከገጠር የመጣችው ልጅ እየከፈለች ነው። ጥያቄው መክፈል ወይም አለመክፈል ሳይሆን በግልጥና በትክክል መክፈል ነው። ለዚህም ከውጭ የሚመጣ አዲስ ተቋም መጠበቅ የለብንም፤ እድሩ አለ። መዝገቡ አለው፣ መዋጮ የመሰብሰብ ልማድ አለው፣ የየቤቱን ችግር ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ይታመናል። ከዚህ ቀደም በኤድስ ዘመን አንዳንድ እድሮች ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂት ተጨምሮበት ሁለት የሠለጠኑ አስታማሚዎች በተገቢ ደመወዝ ተቀጥረው በሠፈሩ ያሉትን አረጋውያን በየተራ ቢጎበኙ፣ ልጅም ወደ ሥራው፣ ምራትም ወደ እንቅልፏ ትመለሳለች። ከቤት ወጥቶ በመኖሪያ ማዕከል መኖር የሚሻ ቢኖርም አስቀድሞ የሚጠየቀው ራሱ አረጋዊው ይሁን፤ የሕንፃውን ውበት ሳይሆን በሩ በማን እጅ እንደሚቆለፍ፣ ሌሊት የሚነሣው ማን እንደሆነ፣ ጥሪቱ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግለት ይጠይቅ።

በመጪው እሑድ የእድራችን ስብሰባ አለ። አጀንዳው የድንኳን መግዣ ነው። እኔ ሌላ አጀንዳ አስይዣለሁ።