ተደጋግሞ የሚጻፍ ሲዲና ዲቪዲ፦ ከመርካቶ እስከ ቤት ኮምፒውተር

ተደጋግሞ የሚጻፍ ዲስክ በቤት ኮምፒውተር ተጽፎበት፣ የተጻፈው ተደምስሶ እንደገና ሊጻፍበት የሚችል የሲዲ ወይም የዲቪዲ ዓይነት ነው። በገበያ «ሪራይቴብል» ይባላል፤ ማሸጊያው ላይ «ሲዲ-አርደብሊው» ወይም «ዲቪዲ-አርደብሊው» የሚል ምልክት አለው። አንዴ ብቻ ከሚጻፍበት «ሲዲ-አር» የሚለየው በዚሁ ጠባዩ ነው። ኢንተርኔት ቀርፋፋና ውድ በነበረባቸው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ዘፈን፣ ፊልም፣ ፕሮግራምና የቢሮ ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው በአብዛኛው በዲስክ ሲሆን፣ ባዶው ዲስክም ሆነ መጻፊያው እንደ ሌላው ሸቀጥ ሁሉ በጅምላ የሚወጣው ከመርካቶ ነበር። ሆኖም የመርካቶ የሲዲ ንግድ የቆመው አንዴ በሚጻፈው ዲስክ ላይ ነው። ተደጋግሞ የሚጻፈው የቤትና የቢሮ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ለዚህም ምክንያቱ የዋጋው መወደድ ብቻ አልነበረም፤ ዲስኩ የተሠራበት ቅይጥና የሚጻፍበት ፎርማት ከሳሎን ማጫወቻ ጋር አልስማማ ማለታቸው ጭምር ነው።

ገበያው

መርካቶ በአሁኑ ሥፍራው የቆመው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን፣ ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ነው። ገበያው ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ በሸቀጥ ዓይነት የተከፋፈለ ነው። ሙዚቃም የመርካቶ ሸቀጥ ነበር። መጀመሪያ ሸክላው፣ ቀጥሎ ለረጅም ዘመን ካሴቱ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ሲዲና ቪሲዲው በየተራቸው ገበያውን ያዙ። ከዘፈኑ ጎን መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ መንዙማውና ዳዕዋው በዲስክ ይሸጥ ነበር፤ የአማርኛ ፊልምም ሲኒማ ቤት ከታየ በኋላ በቪሲዲ እየታተመ ወደ ቤት ይገባ ነበር። የቪሲዲ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን፣ በአንድ ዲስክ ላይ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ አንድ ፊልም ዲስክ 1 እና ዲስክ 2 ተብሎ በሁለት መሸጡ የተለመደ ነበር።

የለመደ ገዥ ለዲስኩ ከመክፈሉ በፊት ገልብጦ ያየው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ በማተሚያ ተጨፍልቆ የወጣው ኦሪጅናል ሲዲ ከሥሩ እንደ መስተዋት የነጣ ብርማ ነው። በሲዲ ራይተር የተጻፈው ቅጂ ግን እንደ ቀለሙ ዓይነት አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ይላል፤ ዲቪዲ-አር ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ተደጋግሞ የሚጻፈው ዲስክ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ሽፋኑ ምንም ያህል አምሮ ቢታተም ይህ የሥረኛው ፊት አይዋሽም።

ባዶ ዲስክ ያን ያህል የተፈለገበትን ምክንያት ለመረዳት የዘመኑን መስመር ማስታወስ ያሻል። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ አብዛኛው ተጠቃሚ ለዓመታት የሚገናኘው በስልክ መስመር ነበር። በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሚያደርስ ሞደም፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሠራ እንኳ፣ የአንድ ሲዲ ሙሉ 700 ሜጋባይት ለማውረድ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያንኑ ፋይል በ4 እጥፍ ፍጥነት የሚሠራ መጻፊያ በ20 ደቂቃ ገልብጦ ያወጣዋል። ስለዚህ የጸረ ቫይረስ ማደሻውም፣ የአታሚ ድራይቨሩም፣ ከውጭ የመጣው መጽሐፍም መንገዱ ዲስክ ነበር። በየሳምንቱ የሚታደስ ፋይል ለሚያመላልስ ቢሮ አሥር ባዶ ሲዲ ከመጨረስ አንድ ሪራይቴብል መያዝ ያዋጣ ነበር።

አሠራሩ

በሲዲ-አር ውስጥ ያለው ኬሚካል ቀለም በሌዘር ሲመታ ለሁልጊዜው ይለወጣል። ተደጋግሞ በሚጻፈው ዲስክ ውስጥ ቀለም የለም፤ በምትኩ የብር፣ የኢንዲየም፣ የአንቲሞኒና የቴሉሪየም ቅይጥ በስሱ ተለብጦበታል። የዚህ ዓይነት ቁሶች በሙቀት ከአንድ ጠባይ ወደ ሌላ ጠባይ እየተገለባበጡ መረጃ መያዝ እንደሚችሉ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳየው አሜሪካዊው ስታንፎርድ ኦቭሺንስኪ ነው። ሌዘሩ ቅይጡን ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ አቅልጦት በቅጽበት ሲበርድ፣ ያቺ ነጥብ ሥርዓት አልባ ሆና ትቀራለች፤ ብርሃን እምብዛም አትመልስም። ሌዘሩ ኃይሉን ቀንሶ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ሲያሞቃት ደግሞ ተመልሳ ትረጋለች፣ ብርሃንም ታንጸባርቃለች። መጻፍና ማጥፋት ማለት ይህ ነው። አምራቾች ይህ መመላለስ 1,000 ጊዜ ያህል እንደሚቻል ይገልጻሉ።

የሳሎን ማጫወቻው እምቢታ የመጣውም ከዚሁ ነው። ኦሪጅናል ሲዲ ከሚያርፍበት ብርሃን 70 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ሪራይቴብል ሲዲ የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ለኦሪጅናል ሲዲ ብቻ የተሠራ የቀድሞ ማጫወቻ ይህን ደካማ ብርሃን ስለማይለይ «ዲስክ የለም» ብሎ ይቆማል። ገዥው ደግሞ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ዘፈን የሚያባዙ ሰዎች በሲዲ-አር የጸኑት ለዚህ ነው፤ ዋጋውም ቢሆን ከሪራይቴብሉ ያነሰ ነበር።

ሲዲ-አር እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ ሲሆን፣ ሲዲ-አርደብሊው በ1997 ለገበያ ቀረበ። ዲቪዲ-አርደብሊው በ1999 በፓዮኒር፣ የመደመር ምልክት ያለው ተፎካካሪው ደግሞ በ2001 ፊሊፕስና ሶኒ ባሉበት ቡድን ወጣ። ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት ይይዛሉ። ኮምፒውተሩ 4.38 ብሎ ቢያሳይ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የዲስኩ ጉድለት አይደለም።

ማጥፋትና ፎርማት ማድረግ

አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ለይቶ ማወቅ ይገባል። በሪራይቴብል ዲስክ ላይ መጻፍ የሚቻልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው እንደ ተራ ሲዲ መጻፍ ነው። ኔሮን በመሳሰለ ፕሮግራም፣ ወይም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዊንዶውስ ኤክስፒ በራሱ፣ የሚፈለጉት ፋይሎች አንድ ላይ ተሰብስበው በአንድ ጊዜ ይጻፋሉ። በኋላ አንዲት ፋይል ብቻ ነጥሎ ማጥፋት አይቻልም፤ ዲስኩ እንዳለ ይደመሰሳል። ለማጫወቻ የሚሆነው ይህኛው ነው። ኤምፒ3 የሚያነብ የመኪና ወይም የቤት ማጫወቻ የሚያውቀው ይህን አጻጻፍ ነው፤ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ዘፈን ከሆነ አንድ ሲዲ 12 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ይህም የደርዘን ካሴት ሙዚቃ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዲስኩን ዩዲኤፍ በሚባለው ሥርዓት ፎርማት አድርጎ እንደ ፍላሽ መጠቀም ነው። ዊንዶውስ ቪስታና ተከታዮቹ ባዶ ዲስክ ሲገባ ይህንኑ ይጠይቃሉ፦ እንደ ፍላሽ ይሁን ወይስ ለማጫወቻ? «እንደ ፍላሽ» ከተባለ ፋይል እየጎተቱ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ሳሎን ያለው ማጫወቻ ግን ብዙውን ጊዜ አያነበውም። በሲዲ-አርደብሊው ላይ ደግሞ ፎርማቱ ራሱ ቦታ ይወስዳል፤ ከ700 ሜጋባይቱ የሚተርፈው ከ600 በታች ነው። ባለቤቱ ሳያስተውል የተጫናት አንዲት ምርጫ ለዘመድ የተላከውን የሠርግ ፎቶ ሁሉ የማይከፈት የምታደርገው እንዲህ ነው።

ማጥፋቱም ፈጣንና ሙሉ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ፈጣኑ የሚደመስሰው ከመካከል ያለውን ማውጫ ብቻ ስለሆነ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ፋይሎቹ ግን ሌላ እስኪጻፍባቸው ከነበሩበት አይነሡም። ሙሉው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያረጋዋል፤ በ4 እጥፍ ፍጥነት 20 ደቂቃ ይፈጃል። የደመወዝ ዝርዝር ወይም የደንበኛ ሰነድ የነበረበትን ዲስክ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሙሉውን መምረጥ አለበት። በመጻፍ ላይ ስሕተት እያሳየ ያስቸገረ ዲስክም ብዙ ጊዜ የሚድነው በሙሉው ነው። የመደመር ምልክት ያለው ዲቪዲ ግን ቀድሞ መጥፋት አያስፈልገውም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል።

መብራትና ፊደል

በአዲስ አበባ ቤቶች የዲስክ መጻፍ ትልቁ ጠላት የመብራት መቋረጥ ነበር። ሲዲ-አር በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ዲስኩ ከሰረ። ቀደም ባሉት መጻፊያዎች ኮምፒውተሩ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ፋይል ማቀበል ካዘገየ ተመሳሳይ ኪሳራ ይደርስ ነበር፤ ይህም ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዘዴ፣ ሌዘሩ ቆሞ ካቆመበት እንዲቀጥል በማድረግ፣ ተቃለለ። የመብራት መቋረጥን ግን እንዲህ ያለ ዘዴ አያድነውም። በ2001 ዓ.ም. ከተማዋ በፈረቃ መብራት ስታገኝ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ትልቅ ፋይል የሚጽፈው ተራው የሚደርስበትን ቀን ጠብቆ ነበር። ሪራይቴብል ዲስክ ዋጋውን የሚያስመሰክረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግማሽ ላይ የቀረው ጽሕፈት በሙሉ ማጥፊያ ተጠርጎ፣ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ለሥራ ይውላል።

የአማርኛ ተጠቃሚ የራሱ የሆነ ሌላ ችግርም ነበረበት። የሲዲ ጥንታዊ የፋይል ሥርዓት የሚቀበለው በላቲን ፊደል ስምንት ሆሄ የማይበልጥ ስም ነው። ማይክሮሶፍት ያወጣው ጆልየትና ዩዲኤፍ ዩኒኮድ ስለሚቀበሉ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ይይዛሉ፤ የኢትዮጵያ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ጽሑፍ የሚጻፈው ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ ፊደሉ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ገጹ በትርጉም የለሽ ምልክቶች ይሞላል። መጽሐፉን በሲዲ ይዞ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ጸሐፊ ፊደሉንም ከጽሑፉ ጎን በዚያው ዲስክ ላይ ማስገባት ነበረበት። የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችን ከዲስክ የሚያወጡ ሰዎች ዛሬም መጀመሪያ የሚፈልጉት ያንን የፊደል ፋይል ነው።

ቅጂና ሕግ

ርካሽ ባዶ ዲስክና ርካሽ መጻፊያ ለቤት ተጠቃሚ በረከት ሲሆኑ በአርቲስቱ ላይ ብርቱ ጉዳት አድርሰዋል። ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ ይደክማል፣ ጊዜም ይወስዳል። ዲስክ ሲገለበጥ ግን ሺህኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም፣ አልበሙ በወጣበት ዕለትም ቅጂው መንገድ ላይ ይዘረጋ ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በወጣበት ጊዜ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ አንድ ግለሰብ ከታተመ ሥራ ለራሱ ጥቅም ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያነሣ ይፈቅዳል። ስለዚህ የገዛውን አልበም ለመኪናው በሪራይቴብል ሲዲ የገለበጠ ሰውና ያንኑ አባዝቶ የሸጠ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ንግዱ ግን ቅጣቱን ፈርቶ አልቆመም። የዲስክ ቅጂን ያዳከመው በዋናነት ዘፈን በቀጥታ ወደ ፍላሽና ወደ ሞባይል ሚሞሪ መጫን ሲጀመር የዲስኩ አስፈላጊነት መቅረቱ ነው፤ የአርቲስቱ ጉዳት መልኩን ቀየረ እንጂ በዚህ አልተካሰም።

ዕድሜና ማዳን

ሪራይቴብል ዲስክ መሸጋገሪያ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። አምራቾች ለሲዲ-አር ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ሲገምቱ፣ ለሪራይቴብሉ የሰጡት 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ያውም በጥሩ አያያዝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጻፉ የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ዲስኮች ወደዚህ ዕድሜ እየቀረቡ ነው። በአዲስ ላፕቶፖች ላይ የዲስክ ማጫወቻ እምብዛም አይገኝም፤ ሶኒም በ2025 እ.ኤ.አ. የሚጻፉ የብሉሬይ ዲስኮችን ማምረት አቁሟል።

እንዲህ ያለ ዲስክ ያለው ሰው በመጀመሪያ በጻፈው መሣሪያ፣ ያ ከሌለ በዲቪዲ ራይተር ሊሞክረው ይገባል፤ የራይተር ዓይን ከተራ ማንበቢያ ይልቅ ለደካማ ብርሃን የተዘጋጀ ነው። አቧራው በለስላሳ ጨርቅ የሚጠረገው ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ ነው፤ ዙሪያውን መጥረግ ጭረቱ የጽሑፉን መሥመር ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋል። በሲዲ ላይ መረጃው የተቀመጠው ከላይኛው ፊት ቀጭን ሽፋን ሥር ስለሆነ፣ በስክሪብቶ የተጫነ ጽሑፍና የሚነቀል ወረቀት ከሥር ካለ ጭረት የባሰ ይጎዳሉ። ዲስኩ ከገባ በኋላ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ አይሆንም ነው። ጥያቄው ኮምፒውተሩ የዲስኩን ሥርዓት አለማወቁን ብቻ ያመለክታል፤ አዎ ማለት ግን በውስጡ ያለውን ያጠፋል። የሚሻለው ዲስኩን እንዳለ ወደ አንድ የአይኤስኦ ፋይል ገልብጦ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥና ፋይሎቹን ከዚያ ማውጣት ነው።