ደብተሩ ላይ የእሷም ፎቶ አለ

በሐሙሲት ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የአማራ ገጠር፣ በርስት ዘመን ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ድርሻ ነበራት። ግን አግብታ ወደ ባሏ ቀዬ ስትሄድ እርሻው ብዙ ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ጾታ ሳይለይ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ግን በአብዛኛው የሚያውቀው አባወራውን ነው።

የ1989ኙ ሽግሽግ ብዙ ቂም ቢያተርፍም ባል የሌላቸው ሴቶች በስማቸው መሬት ያገኙበት ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶ አንድ ላይ ያዘ። ቀድማ የጀመረችው ትግራይ በአብዛኛው በአባወራው ስም ነበር የመዘገበችው፤ በዚህ የአማራው ይሻላል። ሚስት በፍቺ ጊዜ የምታሳየው ወረቀት አገኘች።

ጣጣው ከወረቀቱ ወዲያ ነው። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ በአዋጅ አልተሻረም። የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት የሚያርስላት ልጅ ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አዝመራው ሲገባ ግማሹ የእሱ ነው።