የጎማ ሰብሳቢ ቢላዋና ጣሳ
ብረት፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ። አክሪ ግዛት፣ ብራዚል፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን።

ጎማ ሰብሳቢው ሳይነጋ፣ ኩራዙን ግንባሩ ላይ አስሮ ጫካ ይገባል። በዚህ ቢላዋ የዛፉን ቅርፊት በሰያፍ ይጭረዋል፤ ነጩ ወተት ጠብ ጠብ እያለ ጣሳው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለቱ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱን ከነካ ዛፉ ይጎዳል፤ የቢላዋው ጫፍ የታጠፈውም ለዚሁ ነው። አንድ ዛፍ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይታለባል።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከብት አርቢዎች ደኑን ለግጦሽ ሲያስመነጥሩ፣ ሰብሳቢዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መጋዙ ፊት ቆሙ። መሪያቸው ቺኮ ሜንዴስ ዲሴምበር 22 ቀን 1988 ሻፑሪ በሚገኘው ቤቱ በጥይት ተገደለ። በ1990 ወደ 970 ሺህ ሄክታር ደን በስሙ ተከለለ። ዛሬ እዚያም ውስጥ ከብት ይሰማራል።