አዲስ አበባ በቆዩ የጸሎት ቤቶቿ ስትነበብ

ከካቺሲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ ዐይኑን የሚስበው የፎቁ ርዝመት፣ የአስፋልቱ ስፋትና የመኪናው ብዛት ነው። በዚህም አይወቀስም፤ በአገሩ ያላየው ነገር ነውና። ነገር ግን ታሪክ እንማራለን የምንል ሰዎች ከተማይቱን በሌላ ዐይን ማየት ይገባናል በማለት፣ ከአንድ አውራጃ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች የዕረፍት ቀኖቻችንን የቆዩትን የጸሎት ቤቶች በመጎብኘት አሳለፍናቸው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የአድባራቱን ውበት ለማድነቅ አይደለም፤ ይህን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ጽፈውታል። የእኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የጸሎት ቤት ስለ ቆመበት ከተማ ምን ይመሰክራል የሚል ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን ስለ ሩቅ አገር ያነበብነው ነገር ነው። በሲንጋፖር ከተማ ቴሎክ አየር በሚባለው መንገድ ላይ ቲያን ሆክ ኬንግ የተባለ የቻይናውያን ቤተ መቅደስ አለ። ከፉኪየን አውራጃ በመርከብ የመጡ ስደተኞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ሠርተው የፈጸሙት ሲሆን፣ የባሕር ጠባቂ ናት ለሚሏት ለማዙ የተሰጠ ነው። መንገደኛው ከመርከብ እንደ ወረደ ማዕበሉን ስለ አሳለፈችው የሚያመሰግናት በዚያ ነበረ፤ ስለዚህም ቤተ መቅደሱ ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ በወደቡ ዳር ቆመ። ዛሬ ግን ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ ወደ ሩቅ ተገፍቷል፤ ቤተ መቅደሱም በሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች መካከል ይገኛል። የቀድሞው የባሕር ዳር የት እንደ ነበረ ማወቅ የፈለገ ሰው ቤተ መቅደሱ ወዴት እንደሚመለከት ማየት ይበቃዋል። እኛም በአዲስ አበባ ባሕር ባይኖርም የራቀ ነገር አለና፣ ይህንኑ ዘዴ በአገራችን ልንሞክረው ወደድን።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የእኛ መንገድ በጀልዱ አድርጎ ጊንጪ ላይ ከአምቦ የሚመጣውን ዋና መንገድ ይገናኛል። ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ ከሆለታ በፊት አዲስ ዓለም ትገኛለች። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት፤ ለጥያቄአችን ግን ከእርሷ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ አንሥተው ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ምክንያቱ እንጨት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊትና የመኳንንቱ ቤተ ሰብ በአንድ ስፍራ ሲሰፍር ለምግብ ማብሰያና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ያለቀ ጊዜ ደግሞ ከተማው ወደ ሌላ ዱር ይሄዳል። የሸዋ ነገሥታት ልማድ ይህ ነበረ። በአዲስ ዓለምም የቤተ መንግሥቱ ሕንጻ ተጀመረ።

ነገር ግን አሳቡ ተለወጠ። በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ቤታቸውን በብዙ ገንዘብ ሠርተው ስለ ነበር መነሣቱን አልወደዱትም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገባው ባሕር ዛፍም በፍጥነት እያደገ የእንጨቱን ችግር አቃለለው። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ ዓለም የተሠራውን የግቢ ሕንጻ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ለውጠው ለእመቤታችን ለማርያም ሰጡት፤ በክብርም ከአክሱም ጽዮን ጋር አስተካከሉት። እንግዲህ የአዲስ ዓለም ማርያም ያልመጣ ከተማን የምትጠብቅ ደብር ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ለዙፋን የታሰበው ስፍራ የታቦት ማደሪያ ሆኖ ቀረ። ባሕር ዛፍ ባይገባ ኖሮ እኛ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምንሄደው መንገድ በእጅጉ ባጠረ ነበር እያልን በመንገድ ላይ ስንቀልድ መጣን።

እንጦጦ የዚህ ታሪክ ሌላው ወገን ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት በ1870ዎቹ ከተማቸውን በዚህ ተራራ ላይ ያደረጉት፣ ስፍራው ለመከላከል የሚመች በመሆኑና የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ በዚያ ይገኛል በመባሉ ነው። የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት በዚያ ጊዜ ሲሆን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ልብ ብለን ማየት የሚገባን ቀኑን ነው። አዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ አሳብ በፍል ውሃው አጠገብ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከተማው ወደ ሜዳው መውረድ ከጀመረ በኋላ እንኳ ለዘውዱ ሥርዓት ወደ ተራራው ተመልሶ መውጣት አስፈልጎ ነበር ማለት ነው። ሠራዊት በአንድ ቀን ሰፈሩን ለቆ ይሄዳል፤ የደብር ክብር ግን ቶሎ አይነሣም።

በእንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ከተማይቱ እንዴት እንደ ተዘረጋች ይረዳል። በቀድሞው የሠራዊት አሰፋፈር የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ደጀኑ በስተ ኋላ ይሰፍራል፤ ታቦቱም በራሱ ድንኳን ሆኖ ከንጉሡ ጋር ይጓዛል። አዲስ አበባ ይህ ሰፈር ሳይነሣ በመቅረቱ የተገኘች ከተማ ናት። በመኳንንቱና በሠራተኛው ስም የሚጠሩት መንደሮች፣ ለምሳሌ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ፊት በር የተባሉት፣ የዚያ ድንኳን ቅሪቶች ናቸው። በየመካከላቸው ያለው ሜዳና ገደል ከጊዜ በኋላ በቤት ተሞላ። ለመንገዶቹ መጠማዘዝ መሐንዲሱን የሚያማርሩ ሰዎች አሉ፤ እንደሚመስለን ግን ስሕተቱ የመሐንዲስ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ መሐንዲስ አልነበረበትምና።

ብዙ ጊዜ የቆየነው በአራዳ ጊዮርጊስ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ላይ ድል የተገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር በዘመተበት ዕለት ነው፤ ለዚህም መታሰቢያ እንዲሆን የዛሬው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንጻ በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ተሠራ። ንድፉን ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ጣሊያን ድል ለሆነችበት ጦርነት መታሰቢያውን ጣሊያናዊ መንደፉ ለአንባቢው የሚያስደንቅ ይመስል ይሆናል፤ የምኒልክ መንግሥት ግን የእጁን ሥራ የሚፈልገውን ሰው ከየትም ቢሆን ይቀበል እንደ ነበረ ያሳያል። ውጭው በአውሮፓ አሠራር የተጠረበ ድንጋይ ሲሆን ውስጡ የአገራችንን ሥርዓት እንደ ያዘ ነው፤ ይኸውም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አንዱ ሌላውን እየከበበ ይገኛል። በዚህ ቤት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነዋል። ከእንጦጦ ወርዶ የዘውዱ ሥርዓት በአራዳ መፈጸሙ ሰፈሩ በእርግጥ ከተማ መሆኑን የሚያስረዳ ማኅተም ነው።

የፋሺስት ጦርም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ያ ታላቅ ጭፍጨፋ በተፈጸመ ጊዜ ጊዮርጊስ በእሳት ተቃጠለ፤ በፊቱ የቆመው የምኒልክ ሐውልትም ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ማቃጠል ሕንጻን ብቻ ማጥፋት አልነበረም፤ አድዋን ከከተማይቱ ካርታ ለመፋቅ የተደረገ ሙከራ ነው። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ሕንጻው ታደሰ፤ በውስጡም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ገቡ።

ይሁን እንጂ የጊዮርጊስ ጎረቤቶች ዛሬ የሉም። የቀድሞው የአራዳ ገበያ ከደብሩ አጠገብ ይውል ነበር፤ ገበያተኛውም ሆነ ባለ ሱቁ፣ የውጭ አገር ሰውም ጭምር፣ ቤቱን በዙሪያው ሠራ። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ካዛወሩትም በኋላ ፒያሳ የተባለው ሰፈር በዚሁ ዙሪያ ኖረ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከፒያሳ ብዙው ክፍል፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው መንደር ጭምር፣ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወረ። መንገዱ መስፋቱን፣ ማታም መብራቱ ደምቆ መታየቱን አንክድም፤ ቤቶቹም ብዙዎቹ ያረጁና የተጨናነቁ ነበሩ። ነገር ግን ደብር ማለት ድንጋዩ ብቻ አይደለም። በየወሩ በሃያ ሦስት የሚያስቀድሰው፣ ማኅበር የሚጠጣው፣ በዕድር የሚቀብረው ጎረቤት ከሄደ በኋላ ሕንጻው ብቻውን ቢቆም፣ በሲንጋፖር እንዳየነው ቤተ መቅደስ ባሕሩ የራቀበት ይሆናል። ይህን ስንል ደብሩ ባዶ ሆነ ማለታችን አይደለም፤ በበዓል ቀን ከሩቅ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ልዩነቱ በእግሩ ይመጣ የነበረው ዛሬ በታክሲ መምጣቱ ነው፤ ይህም ለሽማግሌዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ከአራዳ ሳይርቅ አርመኖች በአገራቸው ቋንቋ የሚቀድሱበት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግሪኮችም የራሳቸው አላቸው፤ ስሙንም አባ ሰላማ በምንለው በፍሬምናጦስ ሰይመውታል። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ የሙዚቃ ጓድ ሆነው እንዳገለገሉና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሰ ይታወቃል። የቻይናውያኑ ቤተ መቅደስ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ይመሳሰላል፤ ስደተኛ ቤት ከሠራ በኋላ ሁለተኛ የሚሠራው የጸሎት ቤት ነውና። በመርካቶ ያለው ታላቁ አንዋር መስጊድም ነጋዴው ወዴት እንደ ሄደ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ያስረዳል። ስለ መስጊዱ ግን ሌላ ተማሪ ራሱን የቻለ ጥናት ቢያቀርብ ይሻላል እንጂ እኛ በጥቂት መስመር ልናልፈው አይገባንም።

ቅድስት ሥላሴ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከጦርነቱ በፊት ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ ሲሆን፣ ክብም ባለ ስምንት ማዕዘንም አይደለም፤ በአውሮፓ ካቴድራል አምሳል ረዥም ሆኖ ተሠርቷል። ድንኳን ክብ ነው፤ ሥላሴን የሠራው መንግሥት ግን ድንኳኑን ረስቶ ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1953 ዓ.ም. የተቀበሩት በዚህ ግቢ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዐፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በውስጡ ዐርፏል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የአውሮፓን ካቴድራሎች ስም በቃል አጥንተን ስለ ነበር ይህን ሕንጻ ከሁሉ ቀድመን ወደድነው፤ ሆኖም ስለ ከተማይቱ አመጣጥ የሚነግረን ከእንጦጦ ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል። ሕንጻ የሚመሰክረው ሕንጻ ለሠራው ወገን ነው። ከ1879 ዓ.ም. በፊት ይህ ስፍራ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የቱለማ ኦሮሞ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ በዛፍ ጥላና በወንዝ ዳር ምስጋና የሚያደርስበት አገር ነው። በዛፍ ሥር የተጸለየ ጸሎት ዛፉ ከተቆረጠ ምልክት አያስቀርም። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ በከተማይቱ መካከል በተከበረ ጊዜ፣ ከእኛ ብዙዎቻችን በየሰፈራችን የምናውቀውን እርጥብ ሣር የያዘ ሕዝብ በአስፋልት ላይ አየን። ያ ሜዳ የማንም ሕንጻ የለበትም፤ ቢሆንም በኛ አስተያየት ከጥንታዊ የጸሎት ቦታዎቿ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ የሚገባው ነው። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም እንዲሁ ከከተማይቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጣሪያው ፈርሶ ሰማይ ይታይበታል። አዲስ አበባ ባዶ ዱር ላይ ተቆረቆረች ለሚል ሰው እነዚህ ሁለቱ በቂ መልስ ናቸው።

በጊዮርጊስ ዙሪያ ከነበሩት መንደሮች ስማቸው በጽሑፍ ያልገባ ብዙ ነው፤ ስሙን የሚያውቁት ሰዎች አሁን በከተማይቱ ዳርቻ በኮንዶሚኒየም ተበታትነው ይኖራሉ። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ሁለቱ የቀድሞ ነዋሪዎችን በየአዲሱ መኖሪያቸው እየፈለጉ የመንደር፣ የድልድይና የምንጭ ስሞችን መመዝገብ ይጀምራሉ። የቀሩት ደግሞ ይህንኑ በአዲስ ዓለም ዙሪያ ለማድረግ ተስማምተዋል፤ በዚያ ሽማግሌዎቹ ገና በየሰፈራቸው አሉ።