ስለ «ሞጆ» የምትባል ቃል

እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሰውን ጉልበትና ግርማ የሚጠራባቸው የመንገድ ቃላት ሞልተውታል። «ፔፕ» ከቁንዶ በርበሬ ስም የተቆረጠች ናት፤ እኛ «እሳት የላሰ» እንደምንለው መሆኑ ነው። «ኡምፍ»ን በ1939 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ ለተዋናይቷ አን ሸሪዳን ለጠፈባት፤ እሷ ግን ስሙን አልወደደችውም።

«ሞጆ» ግን ሌላ ታሪክ አላት። (የኛዋ የሞጆ ከተማ ዘመድ አይደለችም፣ ጓዶች አትሳቁ!) ሊቃውንቱ በባርነት ወደ አሜሪካ ከተጋዙት አፍሪካውያን ቋንቋ የመጣች ናት ብለው ይገምታሉ። ፍችዋም ክታብ ነበር፦ ሥራሥር የተቋጠረባት፣ ከልብስ ሥር የምትደበቅ ትንሽ ከረጢት። ገላው እንኳ የራሱ ላልነበረ ሕዝብ፣ ጌታው የማያያት አንዲት ንብረት!

በ1957 እ.ኤ.አ. የሚሲሲፒው ልጅ መዲ ዋተርስ በብሉዝ አዜማት። የዘፈኑ ሰውዬ ክታቡ ለሌላው ሁሉ ይሠራለታል፤ የሚፈልጋት ሴት ላይ ሲደርስ ግን እምቢ ይለዋል። ኋላ ኋላ ነጩም ቃሏን ወሰዳት፤ ከረጢቷ ተረሳች፣ «የወንድ ግርማ» የሚለው ትርጉም ቀረ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦስቲን ፓወርስ ፊልም የጀግናው ሞጆ ተሰረቀ እያለ ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ። መጀመሪያ ከማን እንደተወሰደች ግን ፊልሙ ትንፍሽ አይልም።